ግድግዳው የማን ነው?

ለ፦ ቤት ለሚያከራዩ ሁሉ፣ እንዲሁም የኪራይ ቤት ጉዳይ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች
ጉዳዩ፦ የሰው ጤና ስለሚጎዱ የኪራይ ቤቶችና ስለ አከራይ ኃላፊነት

ጤና ይስጥልኝ።

ተከራይ ነኝ። ጓደኞቼም አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው። ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። ስለ ኪራይ ጭማሪ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ አይደለም። በየወሩ የምንከፍልበት ቤት እያሳመመን ስለሆነ ነው።

ግድግዳው ሻገተ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሽንት ቤቱ ሸተተ ብሎ ለአከራዩ የሚደውል ሰው ከሦስት መልሶች አንዱን ያገኛል። «ቀለም እናስቀባዋለን።» «መስኮት ክፈቱ።» «ካልተመቻችሁ ልቀቁ።» ደግ አከራይ በመጀመሪያው ይጀምራል። የሰለቸው በቀጥታ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። እኔም ለሦስቱም መልስ አለኝ።

ከቀለሙ ልጀምር።

ቀደም ሲል በተከራየሁት ቤት ውስጥ ልብሶቼ መሽተት ጀመሩ። የታጠበውም ያልታጠበውም እኩል ይሸታል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳርቀው ጀርባው ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ አብጦ ተላልጧል። ግድግዳው ከወለሉ አንስቶ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። በጣቴ ስነካው ቀለሙ ከነስቱኮው ተነስቶ እጄ ላይ ቀረ። አከራዬ ሰው ላኩልኝ። ሰውየው በብሩሽ ጠረገው፣ በረኪና ረጨበት፣ በዚያው ቀን ነጭ ቀለም ቀባውና ሄደ። ግድግዳው ለጊዜው አማረ። ዝናቡ ሲመለስ ሻጋታውም ተመለሰ፣ ያውም አዲሱን ቀለም ከሥሩ እየነፋ። እንደገና ሰው መጣ፣ እንደገና ተቀባ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

አከራዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለቀለሙና ለሠራተኛው የከፈሉት ገንዘብ ቢደመር ምናልባት ዋናውን ችግር ያስጠግን ነበር። ግን «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የሻጋታ ዘር አየር ላይ ሁሌም አለ። ከየትኛውም ቤት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚመገበውም አያጣም፤ አቧራ፣ ወረቀት፣ እንጨት፣ የቀለም ሽፋን ይበቃዋል። እንዳይበቅል የሚያደርገው የውሃ እጦት ብቻ ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። በረኪና ላዩን ያነጣዋል። እርጥበቱ ልስኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ሻጋታው ተመልሶ ይበቅላል። የሞተ ሻጋታ እንኳ ካልተጠረገ አለርጂ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቀለም ቀቢ ከመጥራት በፊት ውሃውን የሚፈልግ ሰው መጥራት ያስፈልጋል።

ውሃው የመጣበትን መንገድ ማወቅ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ኮርኒስ ላይ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ምልክት ካለና ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሰፋ፣ ጣሪያው ያፈሳል። ዝናብ ኖረም አልኖረም የማይደርቅ ከሆነ፣ በተለይ ከመታጠቢያ ቤት ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ ቧንቧ ሳይሆን አይቀርም። በቤቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። አሁንም የሚዞር ከሆነ ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ነጭ የጨው መስመር የሚተው እርጥበት ከመሬት የሚሳብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም።

አራተኛው የእርጥበት ዓይነት ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ነው። ጥግ ጥጉ ላይ፣ የመስኮት ዙሪያ፣ ቁም ሳጥን ጀርባ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ አየር የሚመጣ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 12 ዲግሪ የደረሰ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ብርድ የሚያስገባ የውጭ ግድግዳ ሌሊት እዚያ ይደርሳል። ቁም ሳጥን ሲጠጋበት ደግሞ አየር አያገኘውምና ይብሳል።

ይሄን ከሌሎቹ ለመለየት ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ፣ የረጠበውን ቦታ ላዩን አድርቃችሁ፣ ጠርዙን በሙሉ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉት። ቀን ወይም ሁለት ቀን ተዉት። ውሃው ከፕላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከታየ የመጣው ከአየሩ ነው። ከፕላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግድግዳው ውስጥ አለ። አከራይና ተከራይ ቆመው አብረው ሊያዩት የሚችሉት ነገር ነው። ስንት ጭቅጭቅ በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ይቀር ነበር!

«ትንሽ ሻጋታ ሰው አይገድልም» የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ፣ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን ያገኘችው መልስ በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ሻጋታ ነበር። አባቱ ችግሩን ለአከራዩ ተቋም ያመለከተው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። የተሰጠው መልስ ምን ነበር? ቀለም ቀባበት። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የሞት ጉዳይ ብርቅ ነው፣ እስማማለሁ። ሳሉ፣ አስሙ፣ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሽ፣ በየጊዜው የሚመላለሰው የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ግን ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ሲያወጣ «ይህን ያህል ሻጋታ ችግር የለውም» የሚል ልክ አላስቀመጠም። ጉዳቱን በቁጥር በትክክል ለክቶ ድንበር ማበጀት አልተቻለም። ስለዚህ ያለው ምክር እርጥበቱን ከመነሻው መከላከል ነው። የሻጋታውን ዓይነት በላቦራቶሪ ካላስመረመራችሁ አላምንም የሚል አከራይም አጋጥሞኝ ያውቃል። ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን መወገድ አለበት፣ ውሃውም መቆም አለበት። ለላቦራቶሪ የሚወጣው ገንዘብ ለቧንቧ ሠራተኛ ቢከፈል ይሻላል።

አሁን ወደ መስኮቱ።

«መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ስህተት የለውም። ይሄን ማመን ያለብን እኛ ተከራዮች ነን። ሰው ይተነፍሳል፣ ያበስላል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ልብስ ያሰጣል። አራት ሰው ያለበት ቤት በቀን 10 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል ተብሎ ይገመታል። ያ ውሃ መውጫ ካጣ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስናበስል ክዳን መግጠም፣ ከታጠብን በኋላ መስኮት መክፈት፣ የታጠበ ልብስ መኝታ ክፍል አለማስጣት፣ ዕቃ ከውጭ ግድግዳ ትንሽ ማራቅ የኛ ፋንታ ነው። ቆሻሻ ሳያጠራቅሙ መጣልም የኛ ነው። የፍሳሽ መስመር ውስጥ ዘይትና ጨርቅ ጥሎ ሲዘጋ አከራይ መጥራት ነውር ነው።

ግን የማይከፈት መስኮት እንዴት ይከፈታል? ብዙ የኪራይ ክፍል ውስጥ መስኮቱ በምስማር ተመትቷል፣ ወይም ሌላ ክፍል ሲቀጠል በብሎኬት ተደፍኗል። መታጠቢያ ቤቱ መስኮትም ማራገቢያም የለውም። አንዳንዱ መስኮት የሚከፈተው በቀጥታ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያከራየ ሰው መስኮት ክፈቱ ሲል ያሾፍ ይመስላል። ጣሪያው እያፈሰሰ ሲሆንማ ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ለውጥ የለውም። ከቧንቧ የሚገባውን ውሃ በአየር አድርቆ የጨረሰ ሰው የለም።

ለኔ ኃላፊነትን የሚለየው መስመር ይሄ ነው፦ ምክንያቱ ላይ ማን መድረስ ይችላል? ተከራይ ግድግዳ አፍርሶ ቧንቧ ማየት አይችልም፤ ቢያደርገው በንብረት ማበላሸት ይከሰሳል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳን መቀየር፣ የቤቱን መሠረት መቆፈር፣ የኤሌክትሪክ መስመር መለወጥ አይፈቀድለትም። አብዛኛው ውል ምስማር እንኳ አትምቱ ይላል። እንግዲህ እንዳልነካው የተከለከልኩትን ነገር አንተ ጠግነው መባል የለብኝም። ግድግዳው የአከራዩ ከሆነ፣ በግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃም የአከራዩ ነው። ወለሉን መጥረግና መስኮቱን መክፈት የኔ ነው። ዘወትር የሚያከራክረን ነገር ዘጠና በመቶው በዚህ ጥያቄ ይፈታል ባይ ነኝ። ቁጥሩ የግምት ነው፤ ፍርዱ ግን አይመስለኝም።

እስካሁን ያወራሁት በዓይን ስለሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በጋዝ፣ በከሰል፣ በእንጨት ወይም በነዳጅ የሚሠራ ማሞቂያ አየር ሲያጥረው ወይም የጭስ መውጫው ሲዘጋ ይፈጠራል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የሚይዝበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ምልክቱ ተራ ጉንፋን ይመስላል፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። ግን ትኩሳት የለውም። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያመዋል፤ ከቤት ሲወጡ ቀለል ይላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብስባቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ መስኮትና በር ከፍታችሁ ውጡ፤ ምክንያቱ የሚጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ተኝተው ሳይነቁ የሚቀሩ ቤተሰቦች ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

የጭስ መውጫውን የሠራው፣ ማሞቂያውን የገጠመው አከራዩ ከሆነ ማስመርመርም ያለበት እሱ ነው። በእንግሊዝ አከራይ የጋዝ ዕቃዎቹን በየ12 ወሩ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ማስመርመርና ማረጋገጫውን ለተከራይ መስጠት ግዴታው ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከማብሰያ ምድጃ በስተቀር ነዳጅ የሚያነድ ቋሚ ዕቃ ባለበት ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ማስገጠም አለበት። ደወሉ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ይሄን የማይገጥም አከራይ የምን ገንዘብ እንዳጠረው አይገባኝም።

አሮጌ ቤት የምታከራዩ ደግሞ ስለ ቀለሙ አስቡ፤ አሁን ስለ ሌላ ችግር ነው የማወራው። ድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይጨመር ነበር፤ በአንዳንድ አገር ዛሬም ይጨመራል። ቀለሙ ሲረግፍ አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ ሕፃን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስደዋል። የልጅ አእምሮ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በደንብ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለሙ የሚያውቀውን ውል ከመፈረሙ በፊት ለተከራዩ መንገር አለበት። አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማደስ ደግሞ አቧራውን ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ልጆች እያሉ እንዲህ አታስደርጉ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። የፍሳሽ ሽታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሲፎኑ ውስጥ መቆየት ያለበት ውሃ ሲደርቅ ወይም ሲፎኑ ጭራሽ ሳይገጠም ሲቀር ነው። ደርቆ ከሆነ አንድ ባልዲ ውሃ ይፈታዋል፤ ያ የኔ ሥራ ነው። ሲፎን ከሌለ የእናንተ ነው። የጋራ የውሃ ታንከር ክዳን ያስፈልገዋል፣ በየጊዜውም መታጠብ አለበት፤ ክዳን የሌለው ታንከር የትንኝ መፈልፈያ ነው። በረሮም እንዲሁ። የበረሮ ቆሻሻ አስም ይቀሰቅሳል፣ በተለይ በልጆች ላይ። ብዙ ቤት ባለበት ሕንፃ አንዱ ተከራይ ብቻውን መድኃኒት ቢረጭ በረሮው በቧንቧ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ሕንፃውን በሙሉ ሊያስረጭና ቀዳዳውን ሊያስደፍን የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሚሞቅ ሶኬት፣ በየጊዜው የሚወርድ ብሬከር፣ ሲነካ የሚነዝር ቧንቧ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የላቸውም። የዚያኑ ቀን ኤሌክትሪሺያን ይጠራል።

ሦስተኛው መልስ ነው የሚከብደኝ። «ካልተመቻችሁ ልቀቁ።»

ይሄ ዓረፍተ ነገር ከሻጋታው በላይ ሰው ይጎዳል። ምክንያቱም ተከራዩ ዝም እንዲል ያስተምረዋል። ያየውን ቀዳዳ አይናገርም። ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ትሆናለች፣ ኮርኒሱ ይወርዳል፣ ጥገናው አሥር እጥፍ ያስወጣል። ዝም ያሰኛችሁት ተከራይ ቤታችሁን ከእናንተ በፊት የሚያየው ሰው ነበር።

«ውሉን ስትፈርም አይተኸው አልነበር ወይ?» የሚልም አለ። ቤት የሚታየው ብዙ ጊዜ በቀን፣ በደረቅ ወቅት፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ደላላው ከኋላ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» እያለ ነው። በዚያ ሁኔታ ማን ኮርኒስ ይመረምራል?

ይሄ ክርክር አዲስ አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የድሮው ሕግ ኪራይን የሚያየው መሬት እንደ መከራየት ነበር። ገበሬው መሬቱን ይረከባል፣ እዚያ ላይ ያለችውን ጎጆ ራሱ ይጠግናል፣ ኪራዩን ይከፍላል። ጎጆዋ ብታፈስ የሱ ጣጣ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 በዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጃቪንስ በሚባለው መዝገብ ይሄን አስተሳሰብ ሻረው። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የከተማ ተከራይ የሚከራየው መሬት ሳይሆን የሚኖርበትን ቤት ነው፤ ግድግዳው፣ ውሃው፣ ማሞቂያው፣ ብርሃኑ ሁሉ ከነሙሉው። ውሉ ላይ ባይጻፍም ቤቱ ለሰው መኖሪያ የሚሆን እንዲሆን ማድረግ የአከራዩ ቃል ነው። ቃሉ ሲፈርስ የኪራይ ክፍያውም እንደነበረ አይቀጥልም።

ጀርመኖች ይሄንኑ በሕግ መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ቤቱ በጉድለት ምክንያት እንደሚገባው ካላገለገለ ኪራዩ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተከራዩም ጉድለቱን እንዳየ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ዝም ካለ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ ሁለቱንም ያስራል። በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ስር በቂ መኖሪያ ቤት መብት ነው። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያብራራው ቤት በቂ የሚባለው ነዋሪውን ከብርድ፣ ከእርጥበት፣ ከሙቀት፣ ከዝናብ፣ ከነፋስና በሽታ ከሚያመጡ ነገሮች የሚከላከል ሲሆን ነው ብሏል። እርጥበት በስሙ ተጠርቷል።

አሁን በቀጥታ ለቢሮዎቹ።

ከእናንተ ዘንድ ያለው የኪራይ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘብ ነው፤ ስንት ይጨመር፣ መቼ ይከፈል፣ ቀብዱ ስንት ይሁን። ስለ ጤና ያለው ቃል ብዙ ጊዜ «ቤቱ ለመኖሪያ ተስማሚ ይሁን» በሚል አንድ መስመር ያበቃል። ተስማሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልተጻፈ እያንዳንዱ አከራይ በራሱ ልክ ይተረጉመዋል። ጣሪያው የማያፈስ፣ ግድግዳው የማይረጥብ፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ፍሳሹ የሚሄድ፣ ኤሌክትሪኩ የማይነዝር፣ የጭስ መውጫው የሚሠራ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ አለ ወይስ የለም ብሎ ማየት ነው የሚቀረው።

ቀጥሎ ቀን ይቆረጥለት። በሕፃኑ ስም ወጣ ያልኳችሁ የእንግሊዝ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ ሲውል፣ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ላይ፣ ማለትም በዝቅተኛ ኪራይ ቤት በሚያከራዩ የአካባቢ መንግሥታትና የቤት ማኅበራት ላይ፣ ቀን ቆርጦባቸዋል። ለጤና ወይም ለደኅንነት በቅርቡ ከባድ ጉዳት የሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመረመራል፣ ቤቱም በዚያው ጊዜ ከአደጋ ነፃ ይደረጋል። ከባድ እርጥበትና ሻጋታ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመረመራል፤ አደጋ መኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ቤቱን ከአደጋ ነፃ የማድረግ ሥራ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መከናወን አለበት። ቁጥሩ እዚህ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ቁጥር ይኑር። «በተቻለ ፍጥነት» የሚባለው ነገር ከነገ ዛሬ እየተባለ ዓመት ይሞላዋል።

ቤት ከአንድ ተከራይ ወደ ሌላ ሲተላለፍ የሚያየው ሰውም ይኑር። ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም። የእርጥበት መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ገጽ ቅጽ የያዘ ሰው አንድ ክፍል ቤት ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይምጣ እንጂ! ከተቀባ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ የሚያየው ቀለም ነው።

ይሄ ሁሉ ያለ አንድ ነገር ዋጋ የለውም፦ ቅሬታ ያቀረበ ተከራይ በቅሬታው ምክንያት እንዳይባረር፣ ኪራይም እንዳይጨመርበት። ቅሬታው ከገባ በኋላ ባሉት ወራት የሚሰጥ የልቀቁ ማስታወቂያ ምክንያቱን አከራዩ ያስረዳ። አለበለዚያ ቢሮአችሁ ውስጥ የቅሬታ ሳጥን ብታስቀምጡ ባዶ ይሆናል፤ ሳጥኑ ባዶ ስለሆነም ችግር የለም ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

አንድ ነገር ለአከራዮች ሳልል ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ሁሉም አከራይ ሕንፃ የደረደረ ሀብታም አይደለም። አንድ ክፍል አከራይቶ በሱ የሚተዳደር ጡረተኛ አለ። ጣሪያ መቀየር ለሱ የዓመት ገቢው ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቢሮው ቅጣት ብቻ ይዞ መምጣቱ ቤቱን ከኪራይ ያስወጣዋል፤ እኛም ቤት እናጣለን። ለጥገና የሚሆን ብድር፣ ለጥገና ባወጣው ልክ የግብር ቅናሽ፣ ወይም ተከራዩ አስጠግኖ ከኪራዩ የሚያስቀንስበት በቢሮው ፊት የሚፈረም ስምምነት ይዘጋጅለት። አቅም የሌለውንና ልብ የሌለውን በአንድ ዓይን አትዩ። ደርዘን ቤት እያከራየ ኮርኒስ እስኪወርድ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ሰው ላይ ግን ቅጣቱ ይጥና።

ለተከራዮችም አጭር ቃል አለኝ። በስልክ የተነገረ ቅሬታ ይረሳል፣ ይካዳልም። በጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ቀን ያለበት ፎቶ አንሡ፣ ቤት ስትረከቡም ቤቱን በቪዲዮ ቅረጹ። ከመፈረማችሁ በፊት ቁም ሳጥን አንቀሳቅሳችሁ ጀርባውን እዩ። አዲስ ቀለም አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተቀባ ለምን እሱ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በታች ከሆነና ግድግዳው ደረቅ ከሆነ በጓንትና በአፍንጫ መሸፈኛ በሳሙና ውሃ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። ከዚያ ከሰፋ ግን አትነካኩት፤ አሳውቁ። አስም ያለበት ሰው በምንም መልኩ ጽዳቱ ውስጥ አይግባ። ኪራይ በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ፤ ሕጉ ካልፈቀደላችሁ በባዶ እጃችሁ ትባረራላችሁ። መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ።

ከቢሮዎቹ የምፈልገው መልስ ረጅም አይደለም። ግድግዳዬ ሲረጥብ የምደውለው ለየትኛው ክፍል ነው? የሚያነሳው ሰው የሥራ ድርሻው ምንድን ነው? በስንት ቀን ውስጥ መጥቶ ያያል? አከራዩ ካልጠገነ ቀጥሎ የሚሆነው ምንድን ነው? እነዚህን አራት መልሶች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በየቢሮአችሁ በር ላይ ለጥፉልን። በኪራይ ውሉ ጀርባም ይታተሙ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተከራይ